ለ19 ዓመቱ ልጄ የመኪና ብድር ልፈርምለት?

የአንዲት እናት ደብዳቤ፦

«ጤና ይስጥልኝ እህቴ። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ልጄን ብቻዬን ነው ያሳደግኩት። አሁን 19 ዓመቱ ነው። ቀን ኮሚኒቲ ኮሌጅ ይማራል፣ ማታ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። በወር 1,700 ዶላር ገደማ እጁ ይገባል። ሥራው የሚያልቀው እኩለ ሌሊት ላይ ስለሆነ አውቶቡስ አያገኝም። ብዙ ጊዜ የማመጣው እኔ ነኝ። እኔም ደግሞ ንጋት ላይ ሥራ እገባለሁ። መኪና ያስፈልገዋል፣ እሱን አልክድም። ባለፈው ሳምንት አንድ ዲለር ጋ ሄዶ አንድ መኪና ወደደ። ያጠራቀማትን 4,000 ዶላር ቢከፍልም የሚቀረው ብድር 28,000 ዶላር ነው። ወለዱ 14 በመቶ፣ ለ84 ወር፣ በወር 525 ዶላር። ኢንሹራንሴ ላይ ሳስገባው ደግሞ በወር 310 ዶላር ይጨምራል አሉኝ። ክሬዲት፣ ማለትም የብድር አከፋፈል ታሪክ ስለሌለው ብቻውን አያበድሩትም። ሻጩ ‹እናትህ ትፈርምልህ፣ ፊርማ ብቻ ነው፣ ዕዳው ያንተ ነው› አለው። የኔ የክሬዲት ነጥብ 740 ነው። በሁለት ሥራ ያጠራቀምኩት ገንዘብ ስላለኝ በሚቀጥለው ዓመት ታውንሃውስ ለመግዛት አስቤያለሁ። ላስብበት ስለው ‹የጓደኞቼ ወላጆች ሁሉ ፈርመውላቸዋል፣ አንቺ ግን አታምኚኝም› ብሎ ሁለት ቀን አላናገረኝም። ሻጩ ቅዳሜ ይደውላል። ልፈርም?»

እህቴ፣ ቅዳሜ ስለቀረበ መልሴን ላስቀድም። ይህን ብድር አትፈርሚ። ልጅሽ መኪና እንዲኖረው ግን እርጂው። እኩለ ሌሊት ላይ ከመጋዘን በር የሚቆም ልጅ መኪና መፈለጉ ቅንጦት አይደለም። አንቺም ሌሊት እየተነሳሽ፣ ንጋት ላይ ሥራ እየገባሽ የምትቀጥይበት ነገር አይደለም። ጥያቄው የትኛው መኪና፣ በየትኛው ብድር፣ በማን ስም የሚለው ነው።

መጀመሪያ ግን «ፊርማ ብቻ ነው» የምትለዋን ነገር እናጥራት። ብዙ ሰው የተጎዳው በእሷ ነው።

እኛ «ኮሳይን»፣ ማለትም በሌላ ሰው ብድር ላይ አብሮ መፈረም ሲባል በልባችን የሚመጣው ዋስ ነው። ዕቁብ ላይ ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው ዋስ ይጠራል። ዋሱ ስሙን ያስመዘግብና ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሰውዬው መክፈል ቢያቆም ዳኛው መጀመሪያ የሚይዘው እሱኑ ነው። ይለመናል፣ ሽማግሌ ይላክበታል። ዋሱ በር ላይ የሚደረሰው ያ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ተራ ዋስ የሆነ ሰው «መጀመሪያ የባለዕዳውን ንብረት እዩ» ብሎ መከራከር ይችላል። «በአንድነትና በነጠላ» ብሎ የፈረመ ግን ይህ መከራከሪያ የለውም። ባለገንዘቡ ቀጥታ ወደ እሱ መምጣት ይችላል።

የአሜሪካ ኮሳይነር የሚመስለው ይህን ሁለተኛውን ነው። ይህ ደግሞ የተደበቀ ነገር አይደለም። ከ1985 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለ የፌዴራል ደንብ መሠረት ከመፈረምሽ በፊት ለኮሳይነር የተዘጋጀች አንዲት ማስታወቂያ እጅሽ ላይ መግባት አለባት። አጭር ናት። ለዚህ ዕዳ ዋስ እንድትሆኚ እየተጠየቅሽ እንደሆነ፣ ተበዳሪው ካልከፈለ የምትከፍይው አንቺ እንደሆንሽ፣ አበዳሪውም ልጅሽን አስቀድሞ ሳይጠይቅ ካንቺ መሰብሰብ እንደሚችል ትናገራለች። የዘገየበት ቅጣትና የማስከፈያው ወጪም ካንቺ ሊጠየቅ ይችላል። ሻጩ ለልጅሽ የነገረውና ይህች ወረቀት የምትናገረው አይገናኙም። ፍርድ ቤት ደግሞ የሚያነበው ወረቀቷን ነው።

ይህን ስነግርሽ ደርሶብኝ ነው። ከዓመታት በፊት ለእህቴ ልጅ ፈርሜለት ነበር። ጎበዝ፣ ሰው አክባሪ ልጅ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት አንድ ቀን ሳያሳልፍ ከፈለ። ከዚያ ሥራው ላይ ሰዓት ቀነሱበት። አፍሮ ለማንም አልተናገረም። የባንኩ ደብዳቤ የሚሄደው ወደ እሱ ነው፣ ኢሜይሉም የእሱ ነው። እኔ ጋ አንድም ነገር አልመጣም። የሰማሁት አንድ ቀን ሊነጋጋ ሲል እያለቀሰ ሲደውልልኝ ነው። መኪናውን ቶው ትራክ ጎትቶ ወስዶታል። ስደርስ ፓርኪንጉ ላይ በካልሲ ቆሟል። የሥራ ጫማው መኪናው ውስጥ ነበር። መኪናው የሚቆምባት ቦታ ላይ የቀረችው የዘይት ጠብታ ብቻ ናት። እሷን አፍጥጦ ያያል።

ማንም ፍርድ ቤት አልሄደም፣ የፍርድ ወረቀትም አልመጣም። እዚህ አገር ክፍያ ከተቋረጠ በአብዛኛው ግዛት አበዳሪው ጠብ ሳያነሳ መኪናውን ወስዶ መሄድ ይችላል። በኋላ መኪናው በሐራጅ ተሸጠ። የተሸጠበት ገንዘብ ዕዳውን አልሸፈነም። ለቀሪው ሲጽፉ ለማን እንደጻፉ ልንገርሽ? ለእኔ ነው። ደመወዝ ያለኝ እኔ ነበርኩ። ከፍዬ ጨረስኩት። ከእህቴ ጋር እንደ ድሯችን ቡና ለመጠጣት ግን ከዚያም የረዘመ ጊዜ ወሰደብን።

የእህቴ ልጅ ክፉ አልነበረም። ከዚህ ውስጥ አንድም ነገር ሆን ብሎ አላደረገም። ያንቺም ልጅ ክፉ አይደለም። ለዚህ ነው «አታምኚኝም» ሲልሽ ልብሽ የቆሰለው። ግን እምነት የሚመጣው ከልጅሽ ጠባይ ነው፣ ሰዓት የሚቀንሰው የመጋዘኑ አለቃ ነው። ሁለቱ አይገናኙም።

አሁን ወደ ቤትሽ ጉዳይ እንምጣ። ደብዳቤሽን ሳነብ ከሁሉ ያሳሰበኝ እሱ ነው። የፈረምሽው ብድር እንዳለ ክሬዲት ሪፖርትሽ ላይ ይወጣል። ሞርጌጅ (የቤት ብድር) ስትጠይቂ ባንኩ ገቢሽንና ወርሃዊ ዕዳሽን ያነጻጽራል። ያ 525 ዶላር እንዳንቺ ዕዳ ተቆጥሮ ባንኩ ሊያበድርሽ የሚችለውን መጠን ይቀንሰዋል፣ አንድ ዶላር ባትከፍይም። ልጅሽ 30 ቀን አሳልፎ ቢከፍል ደግሞ ያ መዘግየት ባንቺም ስም ሊመዘገብ ይችላል። ተመዝግቦም እስከ 7 ዓመት ይቆያል። 740 ያደረስሽው ስንት ዓመት ፈጅቶብሽ ነው? ስንት ደብል ሺፍት?

እዚህ ላይ ዲለሩ የማይነግርሽን አንድ ነገር ልንገርሽ። ብዙ የሞርጌጅ አበዳሪዎች የፈረምሽለት ሰው ባለፉት 12 ወራት ከራሱ ገንዘብ፣ አንድም ጊዜ ሳይዘገይ መክፈሉን በማስረጃ ካሳየሽ ያንን ዕዳ ካንቺ ሂሳብ ሊያወጡልሽ ይችላሉ። ማስረጃው የባንክ ስቴትመንት ነው። አካውንቱ በልጅሽ ስም ብቻ መሆን አለበት። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ልጁ ለእናቱ ካሽ ይሰጣል ወይም በዜል (በስልክ ገንዘብ መላኪያ) ይልካል፣ እናት ከራሷ አካውንት ትከፍላለች። በወረቀት ሲታይ የከፈለችው እናት ናት። ስለዚህ ለማንኛውም መኪና ከመፈረምሽ በፊት ለሞርጌጅ ሰውዬሽ ደውይና ዕቅድሽን ንገሪው። ቤቱ ከ12 ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ የሚገዛ ከሆነ የመኪናው ብድር ይቆጠርብሻል፣ ያንን አውቀሽ ግቢበት።

የብድሩን ቁጥር ደግሞ ቁጭ ብለሽ ከልጅሽ ጋር አስይው። 525 በ84 ሲባዛ 44,100 ዶላር ነው። ለ28,000 ዶላር ከ16,000 በላይ ወለድ ማለት ነው። ሲጨርስ 26 ዓመቱ ይሆናል። 525 እና 310 ሲደመር 835 ዶላር ነው፣ የደመወዙ ግማሽ ሊሆን 15 ዶላር ቀረው። ገና ቤንዚን አልተሞላም። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ በየዓመቱ የሚመጣ የመኪና ታክስ አለ፣ የሚታሰበውም በመኪናው ዋጋ ነው። ዓመታዊው ኢንስፔክሽንም አለ። መጽሐፍ በምን ይገዛል?

ሰባት ዓመት ረጅም ነው። መኪና ገና ከግቢው ሲወጣ ዋጋው ይወርዳል፣ እንዲህ ባለ ረጅም ብድር ላይ ግን ዕዳው ቶሎ አይቀንስም። ሁለተኛው ዓመት ላይ መሸጥ ብትፈልጉ ዕዳው ከመኪናው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ቢጋጭና ከጥቅም ውጪ ቢሆን ኢንሹራንሱ የሚከፍለው የዕለቱን ዋጋ ነው። ጋፕ የሚባል ተጨማሪ ኢንሹራንስ ከሌለ የቀረውን ዕዳ የሌለ መኪና እያሰባችሁ ትከፍላላችሁ።

ወለዱም ግራ ገብቶኛል። 740 ክሬዲት ያላት ሰው እየፈረመች 14 በመቶ ከፍ ያለ ነው። ባንክ ለዲለሩ የሚሰጠው ወለድ አንድ ነገር ነው፣ ዲለሩ ለናንተ የሚነግራችሁ ሌላ ሊሆን ይችላል። በላዩ ላይ ጨምሮ ልዩነቱን ማግኘት የተለመደ አሠራር ነው። ስለዚህ ብድር ከዲለር አትጀምሩ።

ታዲያ ምን ይደረግ?

እኔ ብሆን ልጄን ይዤ መጀመሪያ ክሬዲት ዩኒየን (የአባላት የቁጠባና ብድር ተቋም) ነው የምሄደው። ከመኪናው በፊት ብድሩን አስፈቅዱ። ሁለት ሦስት ቦታ ብትጠይቁ ክሬዲታችሁን ይጎዳል ብላችሁ አትፍሩ። በ14 ቀን ውስጥ የተደረጉ የመኪና ብድር ጥያቄዎች በአብዛኛው እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ከዚያ 14,000 ዶላር አካባቢ የሆነ፣ ያገለገለ ኮሮላ ወይም እሱን የመሰለ መኪና ፈልጉ። የልጅሽ 4,000 ዶላር ቅድመ ክፍያ ትሁን። 10,000 ዶላር በ8 በመቶ ለ36 ወር ቢገኝ ወርሃዊው ወደ 313 ዶላር ነው። ጠቅላላ ወለዱ 1,300 ዶላር እንኳ አይሞላም። ሲጨርስ 22 ዓመቱ ነው፣ መኪናው የራሱ ይሆናል። በዚያ ላይ በራሱ ስም የተገነባ ክሬዲት ይኖረዋል።

ከመግዛታችሁ በፊት የምታውቁት መካኒክ ጋ ወስዳችሁ ከሥር አስነስታችሁ አሳዩት። በ17 ፊደልና ቁጥር የተጻፈውን የመኪናውን ቪን ኢንተርኔት ላይ አስገብታችሁ ሪኮል (በፋብሪካ ጉድለት የተነሳ ለጥገና የተጠራ) ያለበት መሆኑን በነፃ ማየት ትችላላችሁ።

ለዚህኛው ትንሽ ብድር ብትፈርሚለትና ስምሽ ብድሩ ላይ ከገባ፣ ታይትሉም (የመኪናው የባለቤትነት ወረቀት) ላይ ይግባ። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። ኮሳይነር መሆን የመኪናው ባለቤት አያደርግሽም። ዕዳው ያንቺ፣ መኪናው የእሱ ብቻ ሊሆን ይችላል። ታይትሉ ላይ በሁለታችሁ ስም መሃል «እና» የሚል ቃል ከገባ ሁለታችሁም ሳትፈርሙ መኪናው አይሸጥም። እኔ «እና» ይግባ እላለሁ። የዚህ ሌላው ወገን ደግሞ አለ። ባለቤት ከሆንሽ በአደጋ ጊዜ የተጎጂው ጠበቃ አንቺንም ሊከስ ይችላል። ቨርጂኒያ ከ2025 ጀምሮ የምትጠይቀው ዝቅተኛ ሽፋን ለአንድ ተጎጂ 50,000፣ ለአንድ አደጋ 100,000፣ ለንብረት 25,000 ዶላር ነው። ቤት ልትገዢ የምታጠራቅሚ ሰው ነሽና ከዚያ ከፍ አድርጊው። ጭማሪው ብዙ ጊዜ ሰው እንደሚፈራው አይደለም። ኢንሹራንሱ አንድ ቀንም እንዳይቋረጥ። ከተቋረጠ አበዳሪው ራሱ ውድ ኢንሹራንስ ገዝቶ ዕዳው ላይ ይጨምረዋል።

የክፍያውን ነገር ከቤት ሆናችሁ ጨርሱት። በልጅሽ ስም ብቻ አንድ አካውንት ይከፈት፣ የመኪናው ክፍያ በራሱ ጊዜ ከዚያ ይቆረጥ። ሲጀመር የሁለት ወር ክፍያ ውስጡ ይቀመጥ፣ አይነካ። የብድሩን ኦንላይን መግቢያ አንቺም ያዢ፣ ክፍያ ሲዘገይ ስልክሽ ላይ መልእክት እንዲመጣ አድርጊ። እኔ ይህን አድርጌ ቢሆን ኖሮ ያ ልጅ በካልሲ አይቆምም ነበር። ለልጅሽም «ሰዓት ከቀነሱብህ በዚያው ሳምንት ንገረኝ፣ አልቆጣም» በይው፣ እውነትም አትቆጪ። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ ነው። ቀኑ ሳያልፍ ለአበዳሪው ከተደወለ ብዙዎቹ አንድ ሁለት ክፍያ ያሸጋሽጋሉ። ካለፈ በኋላ ነው ቋንቋቸው የሚለወጠው።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ ስለሱ ዝም ብዬ ማለፍ አልፈልግም። እዚህ አገር ልጆቻችን አስተርጓሚዎቻችን ናቸው። ሐኪም ቤት ይተረጉማሉ፣ ትምህርት ቤት ይተረጉማሉ። የዲለር ቢሮ ውስጥም ሻጩ በእንግሊዝኛ ያወራል፣ ልጁ «ምንም አይደለም ማሚ፣ እዚህ ጋ ፈርሚ» ይላል። ታብሌት ይሰጥሻል፣ በጣት እያንሸራተትሽ ሃያ ቦታ ትፈርሚያለሽ። ልጁ ሊያታልልሽ ብሎ አይደለም። ዓይኑ የመኪናው ቁልፍ ላይ ነው፣ ወረቀቱንም ራሱ አያውቀውም። የሚገዛው ሰው አስተርጓሚ መሆን የለበትም። እንግሊዝኛው የሚከብድሽ ከሆነ የብድር ወረቀት የሚያነብልሽ ሌላ ሰው ይዘሽ ሂጂ፣ ወንድምሽ ይሁን፣ የሥራ ጓደኛሽ ይሁን። ወረቀቱን አስቀድመው እንዲልኩልሽ ጠይቂ። ከፈረምሽ በኋላ «በሦስት ቀን ውስጥ እመልሰዋለሁ» የሚባለው ወሬ ቨርጂኒያ ውስጥ ከዲለር ለተገዛ መኪና አይሠራም። ብድሩ ተፈቅዷል የሚል የመጨረሻ ወረቀት ሳታዪም መኪናውን ወደ ቤት አትውሰዱ። ከቀናት በኋላ ደውለው «ባንኩ እምቢ አለ፣ በሌላ ወለድ እንደገና ፈርሙ» የሚሉ አሉ።

ይህ ሁሉ ቢከብድሽና ጨርሶ ላለመፈረም ብትወስኚም እናትነትሽ አይጎድልም። ሌላም መንገድ አለ። ያቺ 4,000 ዶላር ላይ አንድ ዙር ዕቁብ ቢጨመርባት ያለ ብድር የሚገዛ ትንሽ መኪና ላይ ትደርሳለች። በስሙ ክሬዲት እንዲጀምር ደግሞ መያዣ የሚቀመጥበት ክሬዲት ካርድ ማውጣት ይችላል። ገቢ ስላለው በ19 ዓመቱም ይፈቀድለታል። ከዓመት በኋላ ያለማንም ፊርማ ሊበደር ይችል ይሆናል።

ከልጅሽ ጋር ስትነጋገሩ መኪናው ላይ አትከራከሩ። ወረቀትና እስክሪብቶ አምጪ። ደመወዙን ከላይ ይጻፍ፣ 525ቱን ይቀንስ፣ 310ሩን ይቀንስ፣ ቤንዚኑን ይቀንስ፣ ስልኩን ይቀንስ። እሱ ራሱ በእጁ ይጻፈው፣ አንቺ ዝም በይ። ከዚያ የኮሮላውን ከጎኑ ይጻፍ። ስለ ታውንሃውሱም ንገሪው። ብዙዎቻችን የገንዘባችንን ነገር ከልጆቻችን እንደብቃለን፣ እንዳይጨነቁ ብለን። የ19 ዓመት ልጅ ግን እናቱ በሁለት ሥራ ምን እየገነባች እንደሆነ ቢያውቅ ይችለዋል። «የጓደኞቼ ወላጆች» ላለሽ መልስ አትፈልጊለት። እነሱ ምን እንደፈረሙ አንቺም እሱም አታውቁም።

ሻጩ ቅዳሜ ሲደውል ረጅም ወሬ ውስጥ አትግቢ። «ወረቀቱን በኢሜይል ላክልኝ፣ የኮሳይነሯንም ማስታወቂያ ጨምርበት፣ ሳነብ እደውላለሁ» በይው። «ይህ ዋጋ ዛሬ ብቻ ነው» ካለሽ አመስግነሽ ስልኩን ዝጊ። ሰኞ ከሥራ ስትወጪ ልጅሽን ይዘሽ ክሬዲት ዩኒየን ግቢ። ሁለታችሁም መታወቂያና የቅርብ ጊዜ የደመወዝ ወረቀት ያዙ።